ማደሪያና ጣቢያ

ሰሊና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነበር የምትወጣው። አራተኛው ፎቅ ላይ የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች፤ አምስተኛው ላይ ሻርፗን ከአንገቷ ገፈፈች፤ ስድስተኛው ላይ ትንፋሿ ከዳትና የብረቱን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ስቶክሆልም ዳር ሁስቢ በሚባለው ሰፈር ያለው የዚህ ሕንፃ አሳንሰር ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «በቅርቡ ይሠራል» ይላል፤ ከሥሩ አንዱ የሰፈር ጎረምሳ በእስክሪብቶ «የቱ ቅርብ?» ብሎ ጠይቋል፤ መልስ የሰጠው የለም።

የምትሮጠው ሰባተኛ ፎቅ ወደሚኖሩት ወደ ዶክተር ብርሃነ ሥላሴ ነው። ዶክተሩ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ለትምህርት ስቶክሆልም መጥተው፣ አገር ቤት የሆነው ሲሆን እዚሁ የቀሩ የጂኦግራፊ ሰው ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙት ሥራ አንድ ነው፦ በሮማውያን ዘመን ነጋዴዎችና መልእክተኞች ያርፉባቸው የነበሩትን ቦታዎች እየፈለጉ ካርታ ላይ ማስፈር። ከዓባይ ዳር ከኮፕቶስ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ቀይ ባሕር ላይ በረኒቄ የሚደርሰውን መንገድ፣ ከዚያም በባሕሩ ዳርቻ ወደ ደቡብ እስከ አዱሊስ የሚወርደውን፣ የውኃ ጉድጓዱን፣ የግንቡን ፍርስራሽ፣ መርከብ የሚጠጋበትን ሁሉ። በስተርጅና ይህን ሥራቸውን ከሁስቢ ቀጥሎ ባለው ሰፈር፣ ኪስታ ላለ አንድ የካርታ ድርጅት ሰጡት። ድርጅቱም በስዊድንኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ በኮምፒውተር የሚታይ ካርታ አደረገው። የአማርኛው አገር ቤት ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚላክ ነው።

ጣጣውን ያመጣው አንድ ቃል ነው። በአማርኛው ካርታ ላይ እያንዳንዱ ማረፊያ «ጣቢያ» ተብሎ ተጽፏል። ዶክተሩ ደግሞ ያንን ቃል ካዩበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥተዋል፤ «ማደሪያ» መባል አለበት ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከራሉ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻው ስብሰባ አለ፤ ከዚያ በኋላ ካርታው ይቆለፋል፤ እርማት አይቀበልም። የሰሊና አለቃ ማግኑስ፣ ሰውየው መጥተው ካላስረዱ ባለበት እንቆልፈዋለን ብሎ ቁርጡን ተናግሮ፣ በድርጅቱ ውስጥ አማርኛ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ሂጂና አምጪያቸው ብሎ ልኳታል።

ዶክተሩ የማያውቁት ነገር ቢኖር ቃሉን የመረጠችው ሰሊና መሆኗን ነው። ኮምፒውተሩ የጻፈው ይመስላቸዋል። ሰሊናም ይምሰላቸው ብላ ዝም ብላለች። በቅርቡ የቋንቋ ክፍሉን እመራለሁ ብላ ታስባለች፤ ያን ሁሉ ቦታ በተሳሳተ ቃል የሞላችው እሷ ናት ከተባለ ነገሩ አከተመ። ስለዚህ ደረጃውን ስትወጣ በልቧ የምትመኘው፣ ሽማግሌው ጉልበታቸውን አይተው «አልችልም፣ አንቺ ንገሪልኝ» እንዲሏት ነበር። ያኔ ሄዳ ስብሰባው ላይ ትንሽ ታጉረመርማለች፤ ካርታው ይቆለፋል፤ የእሷም ነገር አብሮ ይቆለፋል።

ገና ደወሉን ሳትነካ በሩ ተከፈተ። ዶክተር ብርሃነ ሥላሴ ሙሉ ልብሳቸውን ከነሰደርያው ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ካርታ የሚጠቀለልበትን የቆርቆሮ ቀፎ፣ በሌላው ደግሞ ባለ ሦስት እግር የሸራ መቀመጫ ይዘዋል። ያቺ መቀመጫ ወጣት ሳሉ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቴዎዶላይት ተሸክመው መሬት ሲለኩ የተቀመጡባት ናት፤ ሸራዋ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ እግሮቿ ግን የድሮዎቹ ናቸው።

ሰሊና በስዊድንኛ ሰላም አለቻቸው። ዶክተሩ እንዳልሰሙ ሆኑ። ከአገራቸው ልጅ ጋር በስዊድንኛ አይነጋገሩም፤ በአማርኛ እስኪያናግራቸው ድረስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እሷም ታውቃለችና ወደ አማርኛዋ ዞረች፤ ሂሱ ዛሬም እንደማይሠራ ነገረቻቸው። ስዊዶች አሳንሰርን «ሂስ» ነው የሚሉት፤ እኛም እዚህ የምንኖረው ተቀብለን ሂስ እንለዋለን። ዶክተሩ ግን ተማሪ በነበሩበት ዘመን ሂስ ማለት የሰውን ጥፋት ፊት ለፊት መናገር ነበር።

«በእኛም ጊዜ ሰው ያለቀው ሂስ ተበላሽቶ ነው» አሉና በሩን ቆለፉ።

ሰሊና ቀልዱ አልገባትም። በስክሪን ስብሰባው ውስጥ ቢገቡስ ብላ ሞከረች። ባለፈው ጊዜ በስክሪን ገብተው ድምፃቸው ተዘግቶ ኖሮ፣ ስለ በረሃው መንገድ ያን ሁሉ ያስረዱት ለገዛ ወጥ ቤታቸው ነበር፤ ሲጨርሱ ስብሰባው ተበትኗል። ከእንግዲህ ድምፄን የሚዘጋ የለም፣ በአካል ነው የምሄደው አሉ። ደግሞስ ከሁስቢ ኪስታ በቱነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ አንድ ፌርማታ አይደለም ወይ? ከኮፕቶስ እስከ አዱሊስ ያለውን መንገድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አንድ ፌርማታ መሄድ ያቅተዋል ወይ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን አቅቷቸዋል። የሁለቱም ጉልበታቸው መገጣጠሚያ አልቋል። ምግብ የሚያመጡላቸው የቤት ለቤት እርዳታ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱም ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ የሚያወሩበት ትንፋሽ አይተርፋቸውም። በመስኮት የሚያዩት የኪስታን ረጃጅም ቢሮዎች ነው፤ ሌሊት መብራታቸውን፣ ቀን መስታወታቸውን። ይህን ሁሉ ቀን እንደ እስረኛ ቆጥሬ አሳለፍኩት ብለው ለሰሊና ሲነግሯት የሳቁ መስለው ነበር፤ እሷ ግን ሳቁን አላመነችውም።

መውረድ ጀመሩ። ዶክተሩ በግራ እጃቸው ብረቱን፣ በቀኛቸው የሰሊናን ትከሻ ይዘው በጎን በጎናቸው ይወርዳሉ። እሷ ቀፎውን በጀርባዋ፣ መቀመጫዋን በክንዷ አንጠልጥላለች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። መብራቱ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ፣ ሰው ሳይነቃነቅ ሲቆይ የሚጠፋ ነው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሸራዋን ዘርግታ አስቀመጠቻቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሲጠብቁ መብራቱ ድርግም አለ። ሰሊና እጇን እያወናጨፈች መልሳ አበራችው። እንዲህ እያሉ በየፎቁ ይቀመጣሉ፤ በየፎቁ ጨለማ ይውጣቸዋል፤ በየፎቁ እሷ እጇን ታወናጭፋለች። የአንድ ሰው ሳምባ የሚያክል አየር ብቻ ያለበት ቦታ መስሎ ተሰማት፤ መውጣትም መውረድም አሰኛት።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ዶክተሩ ማስተማር አማራቸው። የሮማውያን መንገድ ሁለት ዓይነት ማረፊያ ነበረው አሉ። አንደኛው መለወጫ ነው፤ ትንሽ ናት፤ መልእክተኛው የደከመች በቅሎውን ትቶ ያረፈችውን ይይዛል፣ መልእክቱ ግን አይቆምም። ሁለተኛው ማደሪያ ነው፤ ውኃ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ መንገደኛው ጭነቱን አራግፎ ይተኛል። የሮማውያኑም ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው፤ የሚታደርበት። በእርግጥ በመንገዱ ላይ ወታደር ብቻ የሚቆምበት ኬላም ነበረ፤ እሱን ጣቢያ ይበሉት፣ አልጣላም። እንግዳ የሚያድርበትን ግን ጣቢያ ያለ ሰው፣ ሰው ይሁን ኮምፒውተር፣ ከአህያ አይሻልም አሉ።

«አህያ እንኳ ማደሪያዋን ታውቃለች» ብለው ጨመሩበት።

ሰሊና ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ደግነቱ መብራቱ በዚያች ሰዓት ጠፋ። ይህን ጊዜ እጇን ለማንቀሳቀስ አልቸኮለችም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ዶክተሩ ማውራት አቆሙ። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወለል ወለሉን ያያሉ። ሰሊናም አንድ ቃል ይህን ያህል ለምን እንዳስቆጣቸው ጠየቀቻቸው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ በትንሹም በትልቁም ይነጫነጫል ነው የሚሉት።

«ወንድም ነበረኝ፤ ባዩ ይባላል» አሉ። «እኔ እዚህ ስለ ሮማ መንገድ ሳነብ እሱን ከቤት ጣቢያ ወሰዱት። እናቴ ምሳውን ቋጥራ በየቀኑ ጣቢያው በር ላይ ትቆም ነበር። አንድ ቀን ቋጠሮዋን መልሰው ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አሏት። የት እንዳደረ እስካሁን አላውቅም።»

ብረቱን ይዘው ተነሡ።

ሁለተኛ ፎቅ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ቀኝ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሰሊና በሁለት እጇ ወገባቸውን ባትይዝ ኖሮ በግንባራቸው ነበር የሚደፉት። ቆርቆሮው ቀፎ ግድግዳውን መትቶ ሕንፃው በሙሉ አስተጋባ። አንድ በር ተከፈተና ጡረታ የወጡት የሆስፒታል ረዳት እትዬ አሰፋሽ ብቅ አሉ። ለወትሮው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ከዶክተሩ ጋር ነበር፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው መተላለፊያው ላይ በሸራዋ መቀመጫ አስቀመጧቸው። እትዬ አሰፋሽ ሱሪውን ሰብስበው ጉልበቱን ዳሰሱ፤ ማበጥ ጀምሯል። ከማቀዝቀዣ የበረደ አተር በከረጢቱ አምጥተው አሰሩበትና፣ ዛሬ ከዚህ መንቀሳቀስ የሚባል ነገር የለም አሉ።

«ነገም ካልተሻለዎት ጤና ጣቢያ እወስድዎታለሁ።»

«እሱንም ጣቢያ ትሉታላችሁ» አሉ ዶክተሩ በምሬት።

ሊነሡ ሞከሩ፤ አቃታቸው። ደግመው ሞከሩ። በሦስተኛው ላይ ግድግዳውን ይዘው ቀሩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወደ ላይ አምስት ፎቅ፣ ወደ ታች ሁለት፤ መውጣትም መውረድም የለም። ሰሊና ስልኳን አየች። ስብሰባው ሊጀመር ነው። የተመኘችው ነገር በሙሉ እጇ ላይ መጥቶ ወድቋል፤ «ይቅርታ ዶክተር፣ አልሆነም» ብሎ መሄድ ብቻ ነው። የት እንዳደረ ስለማይታወቀው ወንድማቸው አሰበች፤ ቋጠሮ ይዘው ስለቆሙት እናት አሰበች፤ ከዚያ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«ዶክተር፣ ኮምፒውተሩ አይደለም» አለች። «ጣቢያ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ አሰፋሽ ከረጢቱን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ዶክተሩ ቀና ብለው አዩዋት። ሰሊና ስድቡን ጠበቀች፤ ስድቡ ግን አልመጣም።

«ለምን ጣቢያ አልሽው?» አሉ፤ ተማሪውን እንደሚጠይቅ መምህር።

ሰሊና አማርኛዋ እየተደነቃቀፈ ነገረቻቸው። ልጅ ሆና ሃግሴትራ ነበር የሚኖሩት፤ የአረንጓዴው መስመር ማብቂያ። እናቷ መሀል ከተማ ቢሮ ታጸዳለች። ከትምህርት ቤት በኋላ ቤት ብቻዋን እንዳትሆን ጣቢያው ውስጥ፣ ትኬት ከሚሸጠው ሰውዬ መስኮት አጠገብ ትጠብቃለች። «እናቴ ‹ጣቢያ ላይ ጠብቂኝ፣ እመጣለሁ› ትለኛለች። ባቡር ይመጣል፤ ሰው ይወርዳል፤ እሷ የለችም። ሌላ ይመጣል። ከዚያ ትመጣለች። አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። እኔ ጣቢያ ሲባል የማውቀው... የምጠብቀው ሰው የሚመጣበት ነው።»

መብራቱ ጠፋ። ማንም እጁን አላነሣም።

«የእኔም እናት ጣቢያ ነበር የምትጠብቀው» አሉ ዶክተሩ በጨለማው ውስጥ። ከዚያም ሲንቀሳቀሱ መብራቱ በራ። ቀፎውን ከመሬት አንሥተው በጭናቸው ላይ ይዘውት ቆዩ፤ ደጋግመው በመዳፋቸው አሹት። «መልእክተኛው በቅሎው ሲደክም ምን ያደርጋል አልኩሽ?»

«ይለውጣል።»

«በይ እንግዲህ፤ እኔ እዚህ ተለውጫለሁ።» ቀፎውን ዘረጉላት። «ሂጂና ንገሪያቸው።»

ሰሊና ተቀበለች። ሁለት ደረጃ ወርዳ ዞረች። ሳታስበው ከአፏ የወጣው የእናቷ ንግግር ነበር።

«እዚህ ይጠብቁኝ። እመጣለሁ።»

ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን ደረጃው ላይ ተከሉ። እንዲህ ያለውን ተስፋ ከሰው ተቀብለው አያውቁም ነበር።

ከሁስቢ ባቡሩ በድንጋይ ውስጥ ይሄድና ኪስታ ሊደርስ ሲል ብርሃን ላይ ይወጣል። ሰሊና ከዚያ በፊት ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ወደ ስብሰባው ክፍል ስትገባ ማግኑስ ከበስተኋላዋ ሽማግሌውን ፈለገ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተናገረች፤ ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ስህተት ነው፣ ኮምፒውተሩም ዶክተሩም የሉበትም አለች። የካርታውን ወረቀት ዘርግታ ውኃ ያለበትን ማደሪያ፣ ወታደር ብቻ ይቆምበት የነበረውን ኬላ ለየብቻ አሳየቻቸው። አንዷ የሥራ ባልደረባዋ፣ ሁለቱም ያው መቆሚያ አይደሉም ወይ፣ ምን ያጣላል ብላ ጠየቀች። ሰሊና በአማርኛ የሚሰማትን በስዊድንኛ ለመናገር ቃል አጠራት። ሲጨንቃት ሲጨንቃት መጣላት፤ በመንገድ ዳር ያለ የእንግዳ ቤት በር ላይ «ፖሊስ ጣቢያ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ ወይ ብላ መልሳ ጠየቀቻቸው። ማግኑስ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

መቆለፉ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲዘገይ ተወሰነ። እያንዳንዱን ቦታ በእጇ የምታርመው እሷ ናት። ሁሉም ሲወጡ ማግኑስ በለሰለሰ አንደበት፣ የቋንቋ ክፍሉን ነገር ለጊዜው እንተወው አላት። ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሰሊና ከአሳንሰሩ ማስታወቂያ ተምራለች። ቅር አላት፤ በጣም ቅር አላት። ደረቷ ላይ ተቀምጦ የሰነበተው ነገር ግን ወርዶላታል።

ስትወጣ መሽቷል፤ የየካቲት ፀሐይ ሥራ የጠላ ሰው ይመስል በጊዜ ትገባለች። ሁስቢ ወርዳ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተች ሮጠች። ስብሰባው ከገመተችው በላይ ረዝሟል። አምቡላንስ መጥቶ ወስዷቸው ይሆን? ወይስ መጠበቁ ሰልችቷቸው እትዬ አሰፋሽ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው ይሆን? የሕንፃውን በር ከፍታ ደረጃውን ሽቅብ አየች። ላይኛው ጨለማ ነው። ድምፅ የለም። የሉም ማለት ነው አለች። ቢሆንም ወጣች።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሯን ስታሳርፍ መብራቱ በራ። ዶክተር ብርሃነ ሥላሴ ትታቸው በሄደችበት ቦታ፣ በሸራዋ መቀመጫ ላይ፣ ብርድ ልብስ ደርበው፣ ባርኔጣቸውን እንደደፉ ተቀምጠዋል። ሳይንቀሳቀሱ ስለቆዩ ነው መብራቱ የጠፋው። ዓይናቸው ደረጃው ላይ ነበር።

እትዬ አሰፋሽ በራቸውን ከፍተው፣ ይኸው ይግቡ ብላቸው ይግቡ ብላቸው እምቢ ብለውኝ በብርድ ተቀመጡ፣ ልጅቷ ይጠብቁኝ ብላለች እያሉ አቃጠሉኝ ብለው ከሰሷቸው። ሰሊና መተንፈስ እስክትችል ግድግዳውን ተደገፈች።

«ማደሪያ ሆነ» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ሁሉም ፊት ነገርኳቸው።»

«ግለ ሂስ አደረግሽ?»

«ሂሱማ እንደተበላሸ ነው፤ በደረጃ ነው የመጣሁት።»

ዶክተሩ ከልባቸው ሳቁ፤ ጉልበታቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። እትዬ አሰፋሽም ለምን እንደሚሳቅ ሳይጠይቁ አብረው ሳቁ። ከዚያ የልጃቸው ክፍል ባዶ እንደሆነ፣ ዶክተሩ ዛሬ እዚያ እንደሚያድሩ፣ ሰፈሩ የፈለገውን ቢያወራ በዚህ ዕድሜያቸው እንደማይሰሙት ተናገሩ። ዶክተሩ አልተከራከሩም። ሁለቱ ሴቶች ደግፈው ሲያነሷቸው ወደ ደረጃው ዞር ብለው አንድ ጊዜ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ጠበቅኩ፤ መጣሽ። ጣቢያ እንዲህም ይሆናል ለካ።»

ሰሊና እጃቸውን ትንሽ ይዛ ቆየችና፣ መድኃኒታቸውንና ትራሳቸውን ልታመጣ ቁልፋቸውን ተቀብላ ወደ ሰባተኛ ፎቅ ወጣች።